የላፕቶፕና የውጭ ግራፊክስ ካርድ መገናኘት ታሪክ



ሰው የሚሸከመው ዕቃ ቀሊል እንዲሆንለት ይወዳል፤ የሚሠራበት ዕቃ ግን ብርቱ እንዲሆንለት ይመኛል። እነዚህ ሁለት ምኞቶች በአንድ ዕቃ ላይ አብረው ለማደር ሁልጊዜ አይስማሙም። በዘመናችን ይህ አለመስማማት ጐልቶ የታየው በጭን ላይ በሚያዘው ኮምፒዩተር፥ ማለት በላፕቶፕ ላይ ነው። ስለዚህ በዛሬው ንግግራችን ቀሊሉን ላፕቶፕ ከውጭ ከተቀመጠ ብርቱ ግራፊክስ ካርድ ጋር በገመድ ለማገናኘት ሰዎች ከሠላሳ ዓመት በላይ የደከሙትን ድካም በታሪክ መልክ ለማቅረብ አስቤአለሁ። በሬዲዮ ስታደምጡ የቍጥሩ ነገር ያመለጣችሁ ብትኖሩ፥ አሁን በጽሑፍ ስለ ቀረበላችሁ ረጋ ብላችሁ ልትመለከቱት ትችላላችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተነገሩ ናቸው።

አስቀድሞ ግራፊክስ ካርድ ምን እንደ ሆነ መግለጽ ይገባል። በኮምፒዩተር መስኮት ላይ የምናየው ሥዕል ሁሉ ከጥቃቅን ነጥቦች የተሠራ ነው። በብዙ ቤት በሚገኘው መስኮት ላይ ነጥቦቹ በወርድ 1920፥ በቁመት 1080 ስለ ሆኑ በጠቅላላው ከሁለት ሚሊዮን ይበልጣሉ። ሥዕሉ የሚንቀሳቀስ በሆነ ጊዜ የእያንዳንዱ ነጥብ ቀለም በየሴኮንዱ 60 ጊዜ ታስቦ መታደስ አለበት። ዋናው ፕሮሰሰር ከባድ ከባዱን ጥያቄ በየተራው እንደሚፈታ ሊቅ ነው እንጂ፥ በሺህ የሚቈጠር ቀላል ሒሳብ ባንድ ጊዜ ለመሥራት የተዘጋጀ አይደለም። ስለዚህ የነጥቡን ሒሳብ ብቻ ተካፍለው የሚሠሩ ብዙ ትንንሽ ሠራተኞችን በአንድ ሰሌዳ ላይ የሰበሰበ ሌላ መሣሪያ አስፈለገ። ግራፊክስ ካርድ የተባለውም ይኸው ነው።

ባለ ሦስት አውታር ሥዕል የሚሥል ካርድ በተራው ሰው ቤት መግባት የጀመረው በ1990ዎቹ ዓመታት ነው። በ1996 ትሪዲኤፍኤክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ቩዱ የተሰኘውን ካርድ ለገበያ አቀረበ። ቩዱ የሚያውቀው ባለ ሦስት አውታሩን ሥዕል ብቻ ስለ ነበረ፥ ተራውን ሥዕል ከሚሥለው ከሌላው ካርድ ጋር በአጭር ገመድ ይያያዝ ነበር። እንግዲህ ሥራን ለሁለት ከፍሎ በገመድ የማገናኘት ዐሳብ ገና ከጥንቱ የነበረ መሆኑን ከዚህ ላይ ልብ ይሏል። በ1999 ደግሞ ኤንቪዲያ ጂፎርስ 256 የተባለውን ካርድ ሲያወጣ፥ የዓለም የመጀመሪያው ጂ.ፒ.ዩ. ነው ብሎ አስታወቀ። ነጋዴ ለዕቃው የሚያወጣው ስም ብዙውን ጊዜ ከዕቃው ጋር አብሮ ያረጃል፤ ይህ ስም ግን ጸንቶ እስከ ዛሬ ይነገራል።

የካርዱ ብርታት እየጨመረ በሄደ መጠን የሚበላው የኤሌክትሪክ ኀይልና የሚያወጣው ሙቀትም አብሮ ጨመረ። በ2022 የወጣው ጂፎርስ አር.ቲ.ኤክስ. 4090 ለብቻው 450 ዋት ይፈልጋል። ብዙዎቹ ቀጫጭን ላፕቶፖች ግን ከነመስኮታቸው ከነፕሮሰሰራቸው በ65 ዋት ቻርጀር የሚተዳደሩ ናቸው። የ450 ዋት ሙቀት በአንድ ጣት ውፍረት ብረት ውስጥ አስገብቶ በጭን ላይ ማስቀመጥ ማለት፥ የጋለ ምጣድ በጭን ላይ ማስቀመጥ ማለት ነው።

በገጠራችን አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ የጎረቤቱን አንድ በሬ አቀናጅቶ ያርሳል፤ ይህንንም መቀናጆ እንለዋለን። የላፕቶፕ ባለቤቶችም የፈለጉት እንዲህ ያለውን ነገር ነው። ላፕቶፑ ለብቻው በመንገድ ይሂድ፤ ከቤት ሲደርስ ግን በጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠው ብርቱ ካርድ ጋር ይቀናጅ አሉ። በመቀናጆ ሁለቱ በሬዎች ቢበረቱም ቀንበሩ ደካማ ከሆነ እርሻው አይሆንም። ስለዚህ ይህ የምነግራችሁ ታሪክ የካርዱ ታሪክ ከመሆን ይልቅ የቀንበሩ፥ ማለት የገመዱ ታሪክ ነው።

የዚህ ዐሳብ የመጀመሪያው መልካም ምሳሌ በ1992 የተሠራው የአፕል ኩባንያ ፓወርቡክ ዱኦ ነው። ዱኦ ሁለት ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝን ትንሽ ኮምፒዩተር ሲሆን፥ በመጀመሪያዎቹ ሞዴሎች መስኮቱ ላይ የሚታየው ቀለም ከነጭ እስከ ጥቁር ያሉት 16 የግራጫ ደረጃዎች ብቻ ነበሩ። ለዚህ ትንሽ ኮምፒዩተር ዱኦ ዶክ የተባለ ትልቅ ሣጥን ተሠራለት። ባለቤቱ ዱኦን ከፊት በኩል ባለው አፍ ሲያስገባው፥ ሣጥኑ የቪዲዮ ካሴት እንደሚውጥ ማጫወቻ በሞተር ስቦ ወደ ውስጥ ያስገባው ነበር። በሣጥኑ ውስጥ ሁለት የካርድ መሰኪያዎች ስለ ነበሩ የሥዕል ካርድ ሊገባባቸው ይችላል፤ በዚህም ጊዜ ያ ባለ ግራጫ መስኮት ኮምፒዩተር በትልቅ የቀለም መስኮት ላይ ይሠራ ነበር። እንደ እኔ አስተያየት ከዚያ ወዲህ ከተሠሩት መሣሪያዎች ብዙዎቹ ይህን ያህል ያማረ መልክ አልነበራቸውም። የዱኦ ዘር ግን በ1997 ሲቋረጥ ሣጥኑም አብሮት ቀረ፤ ሌላ ኮምፒዩተር አይገባበትምና።

በ2003 ሁለት ነገሮች ተገናኙ። አንደኛው ፒ.ሲ.አይ. ኤክስፕረስ የተባለው አዲስ የውስጥ መንገድ ነው። ይህ መንገድ መረጃን የሚያሳልፈው ጎን ለጎን በተዘረጉ መስመሮች ሲሆን፥ በመጀመሪያው ዘመን አንዱ መስመር በአንድ ወገን በሴኮንድ 250 ሜጋባይት ያሳልፍ ነበር። በጠረጴዛ ኮምፒዩተር ላይ ለግራፊክስ ካርድ የተመደበው መሰኪያ 16 መስመሮች ነበሩት። ሁለተኛው ነገር በላፕቶፕ ጎን ላይ የሚገኘው ኤክስፕረስካርድ የተባለ ጠባብ መሰኪያ ነው። በዚህ ትንሽ መሰኪያ ውስጥ አንድ የፒ.ሲ.አይ. ኤክስፕረስ መስመር እስከ ውጭ ድረስ ወጥቶ ነበር። የሠሩት ሰዎች ያሰቡት ለመገናኛና ለማከማቻ ዕቃዎች ነው። ነገር ግን መንገዱ በተራው ኮምፒዩተር ውስጥ ካለው መንገድ ጋር በባሕርዩ አንድ ስለ ሆነ፥ ከአሥራ ስድስት አንድ እጅ ብቻ ስፋት ቢኖረውም ግራፊክስ ካርድ ሊያያዝበት የሚችል ነበር።

ይህን ቀድመው በሥራ ላይ ካዋሉት ሰዎች ብዙዎቹ የታላላቅ ኩባንያዎች መሐንዲሶች አልነበሩም፤ በየቤታቸው የሚሞክሩ ሰዎች ነበሩ። ከታይዋን የሚመጣ ትንሽ የማያያዣ ሰሌዳ ይገዙና፥ ከአሮጌ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ላይ የተነቀለ የኤሌክትሪክ መስጫ ይጨምሩበታል። ይህ መስጫ ከኮምፒዩተር ሰሌዳ ጋር ካልተያያዘ ስለማይነሣ፥ አረንጓዴውን ሽቦ ከጥቁሩ ጋር በወረቀት ማያያዣ ሽቦ አገናኝተው ያስነሡት ነበር። (ለታሪክ ያህል ጻፍሁት እንጂ ማንም ያለ ባለሙያ እንዲሞክረው አልመክርም።) ካርዱም ያለ ሣጥን፥ ያለ ክዳን፥ በጠረጴዛ ላይ ማራገቢያው እየዞረ ይቀመጥ ነበር።

ከዚህ በኋላ የሚገጥማቸው ችግር በዊንዶውስ ላይ ስሕተት ቍጥር 12 እየተባለ የታወቀው ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒዩተር ከእያንዳንዱ ካርድ ጋር የሚነጋገረው ለካርዱ የአድራሻ ቦታ መድቦለት ነው፤ ልክ የከተማ ቤቶች ቍጥር እንደሚሰጣቸው ማለት ነው። ባለ 32 ቢት አድራሻ በጠቅላላው የሚበቃው ለ4 ጊጋባይት ብቻ ነው። ከዚህ ላይ ዋናው ሜሞሪና በላፕቶፑ ውስጥ ያሉት ዕቃዎች ድርሻቸውን ከወሰዱ በኋላ፥ ለእንግዳው ካርድ የሚበቃ ሰፊ ቦታ አይተርፍም፤ ግራፊክስ ካርድም አብዛኛውን ጊዜ 256 ሜጋባይት የሚሆን አንድ ወጥ ቦታ ይጠይቅ ነበር። ላፕቶፑን የሠራው ኩባንያ እንዲህ ያለ እንግዳ ይመጣል ብሎ አላሰበም። አንዳንዶቹ ከላፕቶፑ ሜሞሪ ቀንሰው ቦታ አስለቀቁለት። ሌሎች ደግሞ ላፕቶፑ ስለ ራሱ ለዊንዶውስ የሚያቀርበውን የአድራሻ ሰንጠረዥ አርመው፥ ካርዱን ከ4 ጊጋባይት በላይ ባለው ሰፊ ሜዳ ላይ እንዲሰፍር አደረጉት። ይህን ለመፈጸም ሌሊቱን ሙሉ የተቀመጡ ብዙዎች ናቸው። ዋጋ የጠየቃቸው አልነበረም፤ የገዙት ዕቃ ከሻጩ ዐሳብ የበለጠ እንዲሠራላቸው ፈለጉ፤ አደረጉትም።

በ2010 ኤንቪዲያ ኦፕቲመስ የተባለውን ዘዴ ባወጣ ጊዜ ለእነዚህ ሰዎች ያልታሰበ ረድኤት ሆነላቸው። ኦፕቲመስ የታሰበው በላፕቶፕ ውስጥ ብርቱው ካርድ ሥዕሉን ሲሠራ፥ ደካማው ካርድ ወደ መስኮቱ እንዲያሳልፈው ነው። ነገር ግን ብርቱው ካርድ ከውጭ ሲሆንም ሥዕሉ በዚያው ገመድ ተመልሶ በላፕቶፑ በራሱ መስኮት ላይ እንዲታይ አስቻለ።

ኩባንያዎቹም ዝም ብለው አልተቀመጡም። በ2007 አሱስ ኤክስ.ጂ. ስቴሽን የተባለ፥ በኤክስፕረስካርድ የሚያያዝ የግራፊክስ ሣጥን በላስ ቬጋስ ትርኢት ላይ አሳየ፤ ይሁን እንጂ በሰፊው ሳይሸጥ ቀረ። በ2008 ኤ.ኤም.ዲ. ኤክስ.ጂ.ፒ. የተሰኘውን አሠራር በልዩ ገመድ አወጣ። ፉጂትሱ ሲመንስም አሚሎ ከተባለው ላፕቶፕ ጋር ራዲዮን ኤች.ዲ. 3870 ያለበትን ሣጥን አቀረበ። ገመዱ ከኤክስፕረስካርድ የበለጡ መስመሮች የሚያሳልፍ መልካም ገመድ ነበር፤ ነገር ግን መሰኪያው ያላቸው ላፕቶፖች በጣት የሚቈጠሩ ስለ ነበሩ ነገሩ ሳይስፋፋ ቆመ። በ2011 ሶኒ ቫዮ ዜድ የተባለውን 1.2 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝን ላፕቶፕ ሲያወጣ፥ ራዲዮን ኤች.ዲ. 6650ኤም ያለበትን ዶክ በብርሃን ገመድ አያያዘበት። ያም ቢሆን ለሌላ ላፕቶፕ የሚሆን አልነበረም።

ከዚህ ላይ ፍርዴን ልናገር። በኋለኞቹ ሁለት መሣሪያዎች የጐደለው የመሐንዲሶች ጥበብ አይደለም። እያንዳንዱ ኩባንያ የራሱን ገመድ ብቻ እየሠራ፥ ገዢው ሁለተኛ ላፕቶፕ በሚገዛበት ጊዜ ሣጥኑ ዋጋ ቢስ እንዲሆንበት በማድረጉ ነው የወደቁት።

የጋራ ገመድ የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። ኢንቴል በ2009 ላይት ፒክ በሚል ስም ያሳየው አሠራር፥ ከአፕል ጋር በመተባበር በየካቲት ወር 2011 ተንደርቦልት ተብሎ በማክቡክ ፕሮ ላይ ወጣ። በእያንዳንዱ መስመሩ በሴኮንድ 10 ጊጋቢት ያሳልፋል፤ በውስጡም ፒ.ሲ.አይ. ኤክስፕረስን እንደ ተሳፋሪ ይዞ ይሄዳል። ሰዎች ወዲያው ግራፊክስ ካርድ ለማያያዝ አሰቡ። ኤም.ኤስ.አይ. በ2012 መጀመሪያ ጂ.ዩ.ኤስ. 2 የተባለ ሣጥን ለዚሁ ጉዳይ አሳየ፤ ነገር ግን ለገበያ ሳያወጣው ቀረ። በዚህ ጊዜ የቤት ሞካሪዎቹ ለቪዲዮ መቅጃ ካርዶች የተሠሩትን የተንደርቦልት ሣጥኖች እየገዙ፥ ክዳኑን ከፍተው ግራፊክስ ካርድ ይከቱበት ጀመር። በ2013 ተንደርቦልት 2 ፍጥነቱን ወደ 20 ጊጋቢት አሳደገው።

በ2014 ኤሊየንዌር ግራፊክስ አምፕሊፋየር የተባለውን ሣጥን በ299 ዶላር ሸጠ። ይህ ተራውን የጠረጴዛ ካርድ የሚቀበል፥ ባለ 460 ዋት የኤሌክትሪክ መስጫ ያለው፥ ለመግዛትም የማያስቸግር ነበር፤ ገመዱ ግን አሁንም የኩባንያው የራሱ ነው፤ ለመንቀልም ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ ማስነሣት ያስፈልግ ነበር።

መንገዱ በእውነት የተከፈተው በ2015 ነው። በዚያ ዓመት የታወጀው ተንደርቦልት 3 በሴኮንድ 40 ጊጋቢት ከማሳለፉ በላይ፥ ለስልክና ለሌላም ዕቃ ሁሉ የሚያገለግለውን የዩ.ኤስ.ቢ. ሲ መሰኪያ ለበሰ። ኢንቴልም ግራፊክስ ካርድን ከውጭ ማያያዝ በይፋ የሚረዳው ሥራ መሆኑን አስታወቀ። በ2016 ሬዘር ኮር የተባለው ሣጥን በ499 ዶላር ወጣ፤ እስከ 375 ዋት የሚበላ ካርድ ይቀበል ነበር፤ የካርዱ ዋጋ ግን በዚህ ላይ አይቈጠርም። ብዙ ሰው የሚስተው ይህንን ነው፤ ባዶ ሣጥን በዚያ ዋጋ መግዛት አንድ መለስተኛ ኮምፒዩተር እንደ መግዛት ነበር።

ፍጥነቱንም በደንብ እንመልከተው። ከ40 ጊጋቢት ውስጥ ለፒ.ሲ.አይ. ኤክስፕረስ በተግባር የሚደርሰው 22 ጊጋቢት ያህል ነው። በጠረጴዛ ኮምፒዩተር ላይ ያለው ባለ 16 መስመር መሰኪያ በዚያው ትውልድ 126 ጊጋቢት ያህል ያሳልፋል። እንግዲህ ከአምስት አንድ እንኳ አይሞላም ማለት ነው። ነገር ግን ካርዱ ለሥዕሉ የሚያስፈልገውን ነገር አንድ ጊዜ ወደ ራሱ ሜሞሪ ከጫነ በኋላ አብዛኛውን ሥራ በውስጡ ስለሚሠራ፥ ገመዱ በአምስት እጥፍ ስለ ጠበበ ሥራው በአምስት እጥፍ አይዘገይም። የሚዘገይበት መጠን እንደ ሥራው ዐይነት ይለያያል። ሌላ መስኮት ገዝቶ በቀጥታ ከካርዱ ጋር ያያያዘ ሰው፥ ሥዕሉን በዚያው ጠባብ ገመድ ወደ ላፕቶፑ መስኮት ከሚመልሰው ሰው የተሻለ ፍጥነት ያገኛል፤ በአንዱ ገመድ ሁለት ወገን ሲጋፋበት መጨናነቁ የታወቀ ነውና።

አሁን ወደ አፕል ነገር እንመለስ፤ ትምህርቱ ከፍ ያለ ነውና። በሰኔ ወር 2017 አፕል ለፕሮግራም ጸሐፊዎች ራዲዮን አር.ኤክስ. 580 ያለበትን የመሞከሪያ ሣጥን በ599 ዶላር አቀረበ። በመጋቢት ወር 2018 ማክ ኦ.ኤስ. 10.13.4 ሲወጣ የውጭ ግራፊክስ ካርድ በይፋ ተፈቀደ፤ በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ብላክማጂክ የተባለው ኩባንያ ከአፕል ጋር ተባብሮ ያማረ ሣጥን ሠራ። ፊልም የሚያቀናብሩ ሰዎች ገንዘባቸውን አውጥተው ገዙት። በኅዳር ወር 2020 አፕል የኢንቴልን ፕሮሰሰር ትቶ ኤም 1 የተባለውን የራሱን ፕሮሰሰር ሲያወጣ፥ በአዲሶቹ ኮምፒዩተሮች ላይ የተንደርቦልት መሰኪያው እንዳለ ሆኖ ለውጭ ግራፊክስ ካርድ የሚሰጠው ድጋፍ ቀረ። በሩ በይፋ ከተከፈተ ሦስት ዓመት እንኳ ሳይሞላ ተዘጋ። ሣጥኑ አልተበላሸም፤ ገመዱም አልተቈረጠም፤ መሰኪያውም ይገጥማል፤ የጐደለው ካርዱን ተቀብሎ የሚያነጋግረው ፕሮግራም ብቻ ነው። ገዢው ዕቃ የገዛ ይመስለዋል፤ በውነቱ የገዛው ሌላው ወገን በፈለገ ጊዜ የሚያነሣውን ፈቃድ ነበር። ኤም 1 በራሱ ድንቅ ፕሮሰሰር መሆኑን አልክድም፤ ይህ ግን በ2018 ገንዘቡን ላወጣው ሰው ማጽናኛ አይሆነውም።

ስለዚህ ገመድ ሌላም የሚነገር ጉዳይ አለ፤ እርሱም የጥበቃ ነገር ነው። ፒ.ሲ.አይ. ኤክስፕረስ በገመድ ወደ ውጭ ሲወጣ፥ በሌላው ጫፍ ያለው መሣሪያ ፕሮሰሰሩን ሳያስፈቅድ የኮምፒዩተሩን ሜሞሪ በቀጥታ ሊያነብና ሊጽፍበት የሚችል ይሆናል። ካርዱ ፈጣን የሚሆነው በዚህ ነው፤ አደጋውም ከዚሁ ይመጣል። በ2019 በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ያሉ መርማሪዎች ከሌሎች ጋር ሆነው ተንደርክላፕ ያሉትን፥ በ2020 ደግሞ በኔዘርላንድ የሚገኘው የአይንድሆቨን ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ መርማሪ ተንደርስፓይ ያለውን ደካማ ጎን ገለጡ። ዊንዶውስ ከ2018 ጀምሮ የውጭ ዕቃ የሚነካውን የሜሞሪ ክፍል የሚያጥር መከላከያ አበጅቶ ነበር፤ ይሁን እንጂ መከላከያው የሚሠራው ላፕቶፑ ለዚሁ ተዘጋጅቶ እንደ ሆነ ነው። ስለዚህ ባለቤቱ ያልታወቀ ሣጥን ወይም ገመድ በተንደርቦልት መሰኪያ ላይ ማስገባት፥ የቤትን ቍልፍ ለማያውቁት መንገደኛ እንደ መስጠት ይቈጠራል።

ኢንቴል በ2019 የተንደርቦልት 3ን አሠራር ለሌሎች ስለ ለቀቀ፥ ዩ.ኤስ.ቢ. 4 በዚሁ ላይ ተመሥርቶ ተደነገገ። ነገር ግን በዩ.ኤስ.ቢ. 4 ደንብ ላፕቶፑ ፒ.ሲ.አይ. ኤክስፕረስን እንዲያሳልፍ ግዴታ የለበትም፤ በ2020 በወጣው በተንደርቦልት 4 ግን ግዴታ ነው። ሁለቱም በዐይን ሲታዩ አንድ ዐይነት መሰኪያ ናቸውና፥ ለመግዛት የሚያስብ ሰው የዕቃውን ዝርዝር ሳያነብ ገንዘቡን አይክፈል። በ2023 የታወጀው ተንደርቦልት 5 በሁለቱም ወገን 80 ጊጋቢት ያሳልፋል። በዚያው ዓመት ጂ.ፒ.ዲ. የተባለው የቻይና ኩባንያ፥ ቀድሞ ለሰርቨር ኮምፒዩተሮች የታሰበውን ኦኩሊንክ የተባለ መሰኪያ በትንንሽ ኮምፒዩተሮቹና ጂ 1 በተባለው ሣጥኑ ላይ አዋለው። ኦኩሊንክ ፒ.ሲ.አይ. ኤክስፕረስን በሌላ አሠራር ሳይጠቀልል እንዳለ ስለሚያሳልፈው በአራት መስመር 64 ጊጋቢት ይሰጣል፤ ነገር ግን ኤሌክትሪክ አይሰጥም፤ ኮምፒዩተሩ እየሠራ ሳለ መንቀልም አይመከርም።

በ2007 ከቀደምቶቹ አንዱ የነበረው አሱስ በ2021 ኤክስ.ጂ. ሞባይል ብሎ ተመለሰ። ይህም አንድ ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝን ትንሽ ሣጥን ሲሆን፥ ስምንት መስመር የሚያሳልፍ ፈጣን መሰኪያ ነበረው፤ መሰኪያው ግን እንደ ቀድሞው ልማድ የአሱስ የብቻው ነበር። በጥር ወር 2025 ያሳየው አዲሱ ኤክስ.ጂ. ሞባይል ግን በተንደርቦልት 5 የሚያያዝ ሆነ። አሥራ ስምንት ዓመት የፈጀ ጉዞ ነው፤ ዘገየ እንጂ ወደ ጋራው መንገድ ገባ።

የግራፊክስ ካርድ ተፈላጊነትም በዚህ መካከል ተለውጦአል። በ2012 አሌክስኔት የተባለው ሥዕል የሚለይ የኮምፒዩተር መረብ በሁለት የጂፎርስ ጂ.ቲ.ኤክስ. 580 ካርዶች ላይ ሠልጥኖ ታላቅ ድል ካገኘ ወዲህ፥ ካርዱ ከጨዋታና ከፊልም ይልቅ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥራ ይጠራ ጀመር። ለዚህ ሥራ ጠባቡ ገመድ ብዙም አይጐዳም። የተማረው መረብ አንድ ጊዜ በካርዱ ሜሞሪ ላይ ከተጫነ በኋላ፥ በገመዱ የሚመላለሰው ጥያቄና መልስ ብቻ ነውና። ስለዚህ ዛሬ ሣጥን የሚገዛ ተማሪ ወይም መርማሪ አስቀድሞ የሚመለከተው የካርዱን የሜሞሪ ስፋት ነው፤ መረቡ በካርዱ ላይ ካልበቃ ወደ ላፕቶፑ ሜሞሪ መመላለስ ይመጣል፤ ያን ጊዜ የገመዱ ጥበት ይታወቃል።

በመጨረሻ የገመዱን ርዝመት ጉዳይ ላንሣ፤ ብዙ ሰው የሚያማርርበት ነውና። በውስጡ የማጉያ መሣሪያ የሌለው የተንደርቦልት 3 ገመድ ሙሉ ፍጥነቱን የሚሰጠው ርዝመቱ ከግማሽ ሜትር እምብዛም ሳያልፍ ነው፤ ከዚያ ቢረዝም ፍጥነቱ ወደ 20 ጊጋቢት ይወርዳል። ማራገቢያው የሚጮኸውን ሣጥን ከጠረጴዛው ሥር ማኖር የሚፈልግ ሰው፥ ማጉያ ያለበትን ባለ ሁለት ሜትሩን ገመድ በተለይ ጠይቆ መግዛት ይኖርበታል፤ ዋጋውም ከአጭሩ ይበልጣል።